ድምፅ ከተሰጠ በኋላ፦ የ1997 ዓ.ም. ምርጫና የተነሣው ተቃውሞ

(በሬዲዮ የመሠረተ ትምህርት ዝግጅት ለአዲስ አንባቢዎች የቀረበ ንግግር)



እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህን ንግግር በጆሯችሁ ስትሰሙ ጽሑፉ በእጃችሁ አለ። መስመሩን በጣታችሁ እየተከተላችሁ አድምጡ። የከበዳችሁ ቃል ካለ ከሥሩ አስምሩበት። ንግግሩ ሲያልቅ አብረዋችሁ ከሚማሩት ጋር ተነጋገሩበት።

የዛሬው ትምህርታችን ታሪክ ነው። በ1997 ዓ.ም. በአገራችን ስለተደረገው ምርጫ፣ ከምርጫውም በኋላ ስለተነሣው ተቃውሞ እንነጋገራለን። ብዙዎቻችሁ ዘመኑን ታስታውሱታላችሁ። ያኔ ሕፃናት የነበሩት ግን ዛሬ እናትና አባት ሆነዋል። ለእነርሱም መንገር ይገባል።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ወረታ ላይ ከጎልማሶች ጋር ስለ ምርጫ ስንማር አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው ጠየቁ። «መምህር፣ ሕዝቡ መርጦ መንግሥት ከቆመ በኋላ ደግሞ የምን ተቃውሞ ነው? የተሸነፈ አርፎ አይቀመጥም ወይ?» አሉ። አጠገባቸው የተቀመጡ አንድ አባት ቀበል አድርገው፣ «አይ እሜቴ! ተበድያለሁ የሚልስ ሰው ወዴት ይሂድ?» አሏቸው።

ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። የዛሬው ንግግር ለሁለቱም መልስ ይፈልጋል።

የሚዛኑ ነገር

መጀመሪያ በምናውቀው ነገር እንጀምር። በፎገራ ሜዳ ሩዝ የማያመርት ገበሬ ጥቂት ነው። አንድ ገበሬ ሩዙን በጆንያ ሞልቶ ወረታ ገበያ ወሰደ እንበል። ነጋዴው መዘነው። «91 ኪሎ ነው» አለ። ገበሬው ግን ቤቱ መዝኖት ነበር። «98 ኪሎ ነው እንጂ!» አለ።

ሚዛኑ የነጋዴው ነው። የሚመዝነውም ሰው የነጋዴው ነው። ገበሬው «ሚዛኑ ልክ አይደለም» ቢል፣ ነጋዴው «ስሜን አጠፋህ» ይለዋል። ገበሬው ዝም ቢል የድካሙን ዋጋ ያጣል። ቢደባደብ ደግሞ ከሩዙም ከጤናውም ይሆናል። ታዲያ ምን ይሻላል? ሁለቱም የሚያምኑት ሌላ ሚዛን መፈለግ ነው። ሁለቱም የሚያምኑት ሌላ ሰው መፈለግ ነው።

ይህን ምሳሌ ያዙልኝ። ምርጫም እንዲሁ ነው። ድምፅ መስጠት አንድ ነገር ነው። ድምፁን መቁጠር ሁለተኛ ነገር ነው። በቆጠራው ላይ ጠብ ሲነሣ መዳኘት ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። የ1997 ዓ.ም. ችግር የከፋው በሦስተኛው ላይ ነው።

«አቤት!» ማለት የቆየ ነገር ነው

መንግሥትን መቃወም ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። በድሮ ጊዜ የተበደለ ሰው በንጉሡ ደጃፍ ቆሞ «አቤት! አቤት!» ይል ነበር። «አቤቱታ» የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ነው። አቤት ባይ ሰሚ ካገኘ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሰሚ ካጣ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ከዓባይ ማዶ ያሉ ጎረቤቶቻችን የጎጃም ገበሬዎች ይህን አይተዋል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመንም ምርጫ ነበረ። በ1957 ዓ.ም. ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት ተመርጠው ነበር። ነገር ግን የፖለቲካ ፓርቲ ማቋቋም አይፈቀድም ነበር። ለመመረጥም ንብረት ይጠየቅ ነበር። በ1960 ዓ.ም. ፓርላማው በእርሻ ገቢ ላይ አዲስ የግብር ሕግ አወጣ። በሞጣ፣ በቢቸናና በሌሎችም የጎጃም አውራጃዎች ገበሬው «መሬታችን ተለክቶ ርስታችን ሊወሰድ ነው» ብሎ ሠጋ። መጀመሪያ አቤት አለ። ሰሚ ሲያጣ ግብር ገማቾችን አባረረ። መንግሥትም ወታደርና አውሮፕላን ላከ። ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ። በመጨረሻ የጎጃም ጠቅላይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ። የቆየው የግብር ዕዳም ተሰረዘ።

አስቡት እንግዲህ። ያ ሁሉ ሰው ከማለቁ በፊት አቤቱታው ተሰምቶ ቢሆንስ?

ምርጫው እንዴት ነበር?

አሁን ወደ 1997 ዓ.ም. እንሂድ። ያኔ አገሪቱን የሚመራው ኢሕአዴግ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቶ መለስ ዜናዊ ነበሩ። ከዚያ በፊት በ1987 እና በ1992 ዓ.ም. ምርጫ ተደርጎ ነበር። በሁለቱም ጊዜ ተቃዋሚዎች ያገኙት ወንበር በጣም ጥቂት ነበር።

«ወንበር» ስንል በፓርላማ ውስጥ ያለውን መቀመጫ ማለታችን ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 ወንበሮች አሉት። አገሪቱ በ547 የምርጫ ክልሎች ተከፍላለች። እያንዳንዱ ክልል አንድ ሰው ይልካል። ከግማሽ በላይ ወንበር ያገኘ ፓርቲ መንግሥት ይመሠርታል።

የ1997 ዓ.ም. ምርጫ ከቀድሞዎቹ የተለየ ነበር። የፓርቲ መሪዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ተከራከሩ። ክርክሩ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተላለፈ። ያኔ በገጠራችን የእጅ ስልክ ብርቅ ነበር። ወሬ የሚመጣው በሬዲዮ ነበር። ሰው ከእርሻ ሲመለስ ሬዲዮ ከብቦ ክርክር ይሰማ ነበር።

ከክርክሮቹ አንዱ የገበሬውን ጆሮ የሳበ ነበር። እርሱም የመሬት ጉዳይ ነው። ኢሕአዴግ «መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ከሸጠው ተፈናቅሎ ከተማ ይሰደዳል» አለ። ቅንጅት ደግሞ «ገበሬው የመሬቱ ባለቤት ይሁን» አለ። ባለሥልጣንና ተቃዋሚ በእኩል ተቀምጠው ስለ ገበሬው መሬት ሲከራከሩ መስማት ለብዙ ሰው አዲስ ነገር ነበር።

«ቅንጅት» የአራት ፓርቲዎች ስብስብ ነበር። ሙሉ ስሙ ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ ይባላል። ሊቀ መንበሩ ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል ነበሩ። ሌላውም ትልቅ የተቃዋሚዎች ስብስብ «ኅብረት» ይባል ነበር። ዶክተር መረራ ጉዲናና ዶክተር በየነ ጴጥሮስ ከመሪዎቹ መካከል ነበሩ።

ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንዴት ይመርጣል? በምልክት ነው። የኢሕአዴግ ምልክት ንብ ነበረች። የቅንጅት ምልክት ሁለት ጣት ነበር። ሚያዝያ 29 ቀን ኢሕአዴግ በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ሰልፍ ጠራ። በማግሥቱ ሚያዝያ 30 ቀን ቅንጅት ጠራ። በሁለቱም ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጣ። በሁለቱም ቀን ሰው በሰላም ወደ ቤቱ ተመለሰ። ይህን አትርሱ። ሕዝቡ በሰላም መሰለፍ እንደሚችል ታይቷል።

ምርጫው እሑድ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ተደረገ። ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ ነበር። ሰው ከሌሊት ጀምሮ ተሰለፈ። በብዙ ቦታ እስኪመሽ ድረስ ተራውን ጠበቀ።

ሁለቱም «አሸነፍሁ» አሉ

በዚያው ዕለት ማታ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቴሌቪዥን ቀርበው በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ለአንድ ወር ሰላማዊ ሰልፍ ከለከሉ። የጸጥታ ኃይሉም በቀጥታ በእርሳቸው ሥር እንዲሆን አዘዙ። የተናገሩትም ሁከት እንዳይነሣ ብለው እንደሆነ ነው። የሰው ድምፅ ገና በኮሮጆ ውስጥ ነበር።

የአዲስ አበባ ውጤት ቶሎ ታወቀ። በከተማዋ ያሉትን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ ቅንጅት ወሰደ። ከከተማዋ ምክር ቤት 138 ወንበሮችም 137ቱን አገኘ። የገጠሩ ቆጠራ ግን ዘገየ። ቆጠራው ሳያልቅ ኢሕአዴግ «አሸንፌያለሁ» አለ። ተቃዋሚዎችም «አሸንፈናል፤ ድምፃችን እየተሰረቀ ነው» አሉ።

እነሆ የገበያችን ጠብ መጣ። አንዱ 91 አለ፤ ሌላው 98 አለ።

ምርጫ ቦርድ ሰኔ 1 ቀን ውጤት ሊናገር ቀጠሮ ይዞ ነበር። ቀጠሮው ተላለፈ። ግንቦት 29 ቀን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቃውሞ አሰሙ። ፖሊስ ገብቶ ብዙ ተማሪዎችን አሰረ። ተቃውሞው ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ሄደ። ሰኔ 1 ቀን ሱቆች ተዘጉ፣ ታክሲዎች ቆሙ። መርካቶና ሌሎች ሰፈሮች ውስጥ ወጣቶች ድንጋይ ወረወሩ። የጸጥታ ኃይሎች ጥይት ተኮሱ። በዚያ ቀን በአሥር የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። የእጅ ስልክ የጽሑፍ መልእክትም ተዘጋ። እስከ 2000 ዓ.ም. መስከረም ድረስ ተዘግቶ ቆየ።

ማን ይዳኝ?

ሰኔ 3 ቀን በአውሮፓ ኅብረት አማላጅነት ፓርቲዎቹ ነገሩን በሰላምና በሕግ ለመጨረስ ፈረሙ። መልካም ነበር። አቤቱታ ሰሚ ቡድኖችም ተቋቋሙ።

ቡድኑ ሦስት ወገን ነበረው። አንዱ ከምርጫ ቦርድ፣ አንዱ ከከሳሹ ፓርቲ፣ አንዱ ከተከሳሹ ፓርቲ ነው። ከሳሹ «ተጭበርብሯል» ይላል፤ ተከሳሹ «አልተጭበረበረም» ይላል። ስለዚህ የሚወስነው የቦርዱ ሰው ነው። ተቃዋሚዎች ደግሞ «ቦርዱ ለመንግሥት ያደላል፤ ምስክሮቻችንም ይፈራሉ» አሉ። ኢሕአዴግ በበኩሉ «እኔም የምከስባቸው ቦታዎች አሉ» ብሎ አቤቱታ አቀረበ።

በቦርዱ ውሳኔ ያልረካ ሰው ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችል ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ተመልከቱ። የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ከማል በድሪ ነበሩ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትም እኚሁ አቶ ከማል በድሪ ነበሩ። ሰውየው ምንም ያህል ቅን ቢሆኑ፣ ከቦርዱ ተነሥቶ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድ ባለጉዳይ እዚያም የሚያገኘው ያንኑ ሰው ነው። ይህ ጥርጣሬን ያበዛል። ገበሬው በነጋዴው ሚዛን ላይ ክስ ይዞ ቢሄድ፣ ዳኛው ራሱ መዛኙ ሆኖ እንደ ማግኘት ነው።

በ31 የምርጫ ክልሎች ምርጫው ነሐሴ 15 ቀን እንደገና ተደረገ። በመጨረሻ ቦርዱ ውጤቱን ተናገረ። ኢሕአዴግ 327 ወንበር፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 አገኙ ተባለ። የቀረውን ሌሎች ፓርቲዎች ወሰዱ። የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎች ግን ምርጫው ከዓለም አቀፍ መለኪያ በታች ነው ብለው ጻፉ። መንግሥት ይህን አልተቀበለም።

አዲሱ ፓርላማ ሳይገባ አሮጌው ፓርላማ የመጨረሻ ሥራ ሠራ። የምክር ቤቱን ደንብ ለወጠ። በአዲሱ ደንብ አጀንዳ ማስያዝ የሚችለው ከግማሽ በላይ አባላት ያሉት ወገን ሆነ። «አጀንዳ» ማለት ስብሰባ የሚነጋገርበት ጉዳይ ነው። ተቃዋሚዎች ከ170 በላይ ወንበር ይዘውም አንድ ጉዳይ በራሳቸው ማስያዝ አይችሉም ማለት ነው።

አሁን ተቃዋሚዎች አንድ ከባድ ምርጫ ገጠማቸው። ፓርላማ እንግባ ወይስ እንቅር? አንዳንዱ «ገብተን የሕዝቡን ድምፅ እናሰማ፤ ባዶ ወንበር አይናገርም» አለ። አንዳንዱ «ከገባን የተሰረቀውን ድምፅ አጸደቅነው ማለት ነው» አለ። መስከረም 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ፓርላማው ሲከፈት አብዛኞቹ የኅብረት ተመራጮች ገቡ። ቅንጅት እንደ ድርጅት አልገባም አለ። ከቅንጅት ተመራጮች መካከል ግን ኋላ የገቡ ነበሩ። አዲስ አበባንም ቅንጅት አልተረከበም። ከተማዋ በመንግሥት በተሾመ ባላደራ አስተዳደር ተመራች። ይህ ውሳኔ ትክክል ነበር ወይስ ስሕተት? እስከ ዛሬ ሰው ይከራከርበታል። እናንተም ተከራከሩበት።

የጥቅምት ወር

ቅንጅት ሰላማዊ የሚለውን ተቃውሞ ጠራ። ሾፌሮች ክላክስ እንዲያሰሙ፣ ሕዝቡም ቤቱ እንዲቀመጥ፣ ከገዥው ፓርቲ ድርጅቶች ዕቃ እንዳይገዛ ተባለ። ጥቅምት 22 ቀን 1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግጭት ተነሣ። ወጣቶች መንገድ ዘጉ፣ ድንጋይ ወረወሩ። ወታደሮችና ፖሊሶች ተኮሱ። ግጭቱ ቀናት ቆየ። ወደ ደሴ፣ ወደ ጎንደርና ወደ ባሕር ዳርም ተዛመተ። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ታሰረ። የቅንጅት መሪዎችና የግል ጋዜጦች አዘጋጆችም ታሰሩ።

ፓርላማው አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ በሰኔና በጥቅምት የሞተውን ሰው ቆጠረ። ሲቪሎች 193 ሞተዋል። ፖሊሶች 6 ሞተዋል። ሁለቱን ደምሩ፤ 199 ይሆናል።

ውድ አንባቢዎች፣ ይህን ቁጥር ስታነቡ እንደ ሒሳብ ብቻ አትዩት። ከሞቱት መካከል ለጋ ወጣቶች ነበሩ። የሞተ ልጅ እናት አላት። የሞተው ፖሊስም እናት አለው።

በቁጥሩ ላይ ብዙ ክርክር የለም። ክርክሩ በፍርዱ ላይ ነው። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ የነበሩት ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ዳኛ ወልደ ሚካኤል መሸሻ ከአገር ወጡ። ከውጭ ሆነውም፣ «አብዛኞቻችን የተወሰደው እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነው ብለን ወስነን ነበር፤ ውሳኔውን እንድንለውጥ ግን ጫና ተደረገብን» አሉ። በ1999 ዓ.ም. ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርት ግን እርምጃው ተገቢ ነበር የሚል ሆነ። እነሆ፣ እዚህም የጠፋው ዳኛ ነው። ሊዳኙ የተቀመጡ ሰዎች አገር ጥለው ከወጡ፣ ሟቹ ለማን አቤት ይላል?

የታሰሩት የቅንጅት መሪዎች ፍርድ ቤት ቀረቡ። መንግሥት «ሕገ መንግሥቱን በኃይል ለመናድ ሞክራችኋል» ብሎ ከሰሳቸው። እነርሱ ክሱን አልተቀበሉም። በ1999 ዓ.ም. ብዙዎቹ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ ሐምሌ 13 ቀን፣ በይቅርታ ተፈቱ።

ከዚያስ ምን ሆነ?

«ታዲያ ነገሩ በረደ» ይባል ይሆናል። እስቲ ቁጥሮቹን እንመልከት።

በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ተደረገ። ከ547 ወንበሮች 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ። ተቃዋሚ ፓርቲ አንድ ወንበር ብቻ አገኘ። ሌላዋን አንዲት ወንበር የግል ተወዳዳሪ ወሰደ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ምርጫ ተደረገ። ያን ጊዜ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወሰዱ። አንድም የተቃዋሚ ወንበር አልቀረም።

ለገዥው ፓርቲ ይህ ትልቅ ድል መሰለው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በፓርላማ ውስጥ «አይሆንም» የሚል ሰው ከሌለ፣ «አይሆንም» የሚለው ሕዝብ የት ሄዶ ይናገራል? መንገድ ላይ ነዋ! አዲሱ መንግሥት በመስከረም 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ተመሠረተ። ሁለት ወር ሳይሞላው፣ በኅዳር፣ በኦሮሚያ ተቃውሞ ተነሣ። ሐምሌ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. በጎንደር ብዙ ሺህ ሕዝብ ሰልፍ ወጣ። ነሐሴ 1 ቀን በባሕር ዳር ሰልፍ ሆነ። በባሕር ዳር የጸጥታ ኃይሎች ተኩሰው ብዙ ሰዎች ሞቱ።

ጎንደርንና ባሕር ዳርን የሚያገናኘው አስፋልት በወረታ ያልፋል። ስለዚህ ይህን ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ አድርገን አንሰማውም። መንገድ ሲዘጋ የፎገራ ሩዝ ከመጋዘን አይወጣም። የታመመ ሰው ሆስፒታል አይደርስም።

መስከረም 28 ቀን 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ አሥር ወር ቆየ። የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን እንደሚለቁ ተናገሩ። ሁሉን ወንበር ይዞ የነበረ መንግሥት ሦስት ዓመት ሳይሞላው መሪውን ለወጠ።

የጎረቤት አገር ምሳሌ

አሁን ወደ ጎረቤታችን ኬንያ ልውሰዳችሁ። የምወስዳችሁ ስለ ዳኛ ነገር ጥሩ ትምህርት ስላለ ነው።

በ2000 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ኬንያውያን ፕሬዚዳንት መረጡ። ሚስተር ምዋይ ኪባኪ አሸነፉ ተባለ። ተፎካካሪያቸው ሚስተር ራይላ ኦዲንጋ «ድምፄ ተሰርቋል» አሉ። «ፍርድ ቤት ሂዱ» ሲባሉ፣ «ፍርድ ቤቱን አላምነውም» አሉ። ሰው መንገድ ወጣ። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ተነሣ። ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ከዚያ በኋላ ኬንያውያን ቁጭ ብለው አሰቡ። በ2002 ዓ.ም. አዲስ ሕገ መንግሥት አጸደቁ። ፍርድ ቤታቸውን አደሱ። በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ደግሞ ምርጫ ተደረገ። ኦዲንጋ ዳግመኛ «ተጭበርብሯል» አሉ። በዚህ ጊዜ ግን ክሳቸውን ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ። ነሐሴ 26 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ምርጫው በሕግ አልተካሄደም፤ እንደገና ይደረግ» ብሎ ፈረደ። በአፍሪካ የሥልጣን ላይ ፕሬዚዳንት ያሸነፈበት ምርጫ በፍርድ ቤት ሲሰረዝ ያ የመጀመሪያው ነበር። የተሸነፈው ፕሬዚዳንት ፍርዱ እንዳላስደሰታቸው ተናገሩ፤ ነገር ግን ተቀበሉት።

ያን ጊዜም ቢሆን ሁሉ ነገር አላማረም። ኦዲንጋ በድጋሚው ምርጫ አልገባም አሉ። በተቃውሞ የሞቱ ሰዎችም ነበሩ። ነገር ግን እንደ ፊተኛው ጊዜ አገር አልነደደም። ልዩነቱ ምንድን ነው? በፊተኛው ጊዜ ሰው የሚያምነው ዳኛ አልነበረም፤ በኋለኛው ጊዜ ዳኛ ነበረ።

እኛስ ምን እናድርግ?

በ1998 ዓ.ም. ከታሰሩት የቅንጅት መሪዎች አንዷ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ። ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት ዳኛ ነበሩ። ከይቅርታው በኋላ በ2001 ዓ.ም. እንደገና ታሰሩ። በ2003 ዓ.ም. መስከረም ተፈቱ። ኋላም ከአገር ወጡ። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ግን ተመልሰው የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ መሩት። ስለ ምርጫ የታሰረ ሰው ምርጫ እንዲዳኝ መሾሙ፣ አገሪቱ የጎደላት ነገር ምን እንደነበር ያሳያል። ይሁንና ዳኛ መታመን ያለበት በሹመቱ ብቻ አይደለም። ሕዝቡ ሥራውን ማየት መቻል አለበት።

እዚህ ላይ የእናንተ ንባብ ይመጣል። በምርጫ ጣቢያ ቆጠራው ሲያልቅ ውጤቱ በወረቀት ይጻፋል። ወረቀቱም ሰው እንዲያየው በጣቢያው ይለጠፋል። ማንበብ የማይችል ሰው የሚሰማው ሌላው ያነበበለትን ነው። ማንበብ የሚችል ሰው ግን ራሱ ያነባል። እገሌ ይህን ያህል፣ እገሌ ይህን ያህል ብሎ በደብተሩ ይጽፋል። በኋላ በሬዲዮ ከሚሰማው ጋር ያስተያየዋል። ጠብ ሲነሣም «ተባለ» ከሚል ወሬ ይልቅ የጻፈው ቁጥር ይበልጣል። ሩዙን ቤቱ መዝኖ እንደሚሄደው ገበሬ ማለት ነው።

ሁለተኛም፣ ሰላማዊ ሰልፍ በሕግ የተፈቀደ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 ሰው ያለ መሣሪያ በሰላም የመሰብሰብና ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግ መብት አለው ይላል። በ1983 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ደግሞ ሰልፍ የሚጠራ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት ለሚመለከተው አስተዳደር በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዛል። 48 ሰዓት ሁለት ቀን ነው። «በጽሑፍ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። መብትን ለመጠየቅም ፊደል ያስፈልጋል። መንግሥትም ይህ ወረቀት ሲቀርብለት መስማት ግዴታው ነው። በሰላም የመጣን አቤት ባይ በጥይት የመለሰ መንግሥት፣ የሚቀጥለው አቤት ባይ በሰላም እንዳይመጣ ያደርጋል።

እንግዲህ ለእናታችን ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ምርጫ ያሸነፈ መንግሥት የማስተዳደር መብት አለው። የተሸነፈው ወገንም፣ ተበድያለሁ የሚለውም ወገን፣ የመናገር መብት አለው። ለአባታችን ጥያቄም መልሱ ይህ ነው። ተበድያለሁ የሚል ሰው መሄድ ያለበት ሁለቱም ወገን ወደሚያምኑት ዳኛ ነው። እንዲህ ያለ ዳኛ ከሌለ፣ ሁሉም ወገን ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ተስማምቶ ሊያቆመው ይገባል። ጠብ ከተነሣ በኋላ ዳኛ መፈለግ ዘግይቶ ነው። በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. 199 ሰዎች የሞቱት ይህ ሳይሆን በመቅረቱ ነው።

ውድ አድማጮች፣ ለዛሬ እዚህ ላይ ይበቃናል። በሚቀጥለው ንግግር እስክንገናኝ ድረስ በደኅና ሰንብቱ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. «አቤቱታ» ማለት ምን ማለት ነው? ከየትኛው ቃል መጣ?

2. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስንት ወንበር አለው? በ1997 ዓ.ም. ኢሕአዴግ፣ ቅንጅትና ኅብረት ስንት ስንት አገኙ ተባለ? የሦስቱን ደምሩ።

3. ቅንጅት ፓርላማ መግባት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም? ሁለት ቡድን ሆናችሁ ተከራከሩ። ከዚያም ቡድን ተለዋወጡና እንደገና ተከራከሩ።

4. በሠፈራችሁ ሁለት ሰዎች በወሰን ሲጣሉ ሁለቱም የሚያምኑት ዳኛ እንዴት ይመረጣል? ያንን በአምስት መስመር ጽፋችሁ ለቡድናችሁ አንብቡ።